ለመምህራችን መታሰቢያ የሚሆን የብራስ ድርሰት፦ ስለ ቅኝቱ፣ ስለ አጻጻፉና ስለ አጨራረሱ ምክር እጠይቃለሁ

ጠያቂ፦ ትራምፔት ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ።

በጅማ ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ሙዚቃ ያስተማሩትና የትምህርት ቤቱን የማርሽ ባንድ ያቋቋሙት መምህራችን ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤተሰባቸው መታሰቢያው በመኖሪያ ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲሆን ስለፈቀዱልን፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበን በናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ብቻ የሚቀርብ አንድ አጭር ድርሰት ለማሰማት ተስማምተናል፤ የመድረሱም ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኛል። ከዚህ በፊት ለትምህርት ቤት በዓላት የሕዝብ ዜማዎችን ለባንድ አቀናብሬ አውቃለሁ። ከመነሻው የራሴ የሆነ፣ ያውም ለሰው መታሰቢያ የሚሆን ሙዚቃ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መምህራችን ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ጥያቄዬ ግልጽ አይሆንም። መሣሪያ ላልደረሰው ተማሪ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበትን የመሣሪያውን አፍ) ብቻ ሰጥተው ከንፈሩን እንዲያለማምድ ያደርጉ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አልነበረም። ሴት ልጅ ትራምፔት ስትነፋ ማየት እንግዳ በነበረበት ጊዜ መሣሪያውን በእጄ አስያዙኝ፤ የሚያሾፉብኝን ልጆችም ሳይቆጡ ከጎኔ አሰልፈው ያንኑ መልመጃ ያስነፏቸው ነበር። ከዕረፍት መልስ እኛን የሚሰበስቡባት አጭር የትራምፔት ጥሪም ነበረቻቸው። ጥሪዋ ከታችኛው ዶ ተነሥታ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ላይኛው ዶ ትወጣና ተመልሳ ሶል ላይ ታርፋለች፤ ከዚህ ሌላ ምንም የላትም። በዚያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ዛሬም ቢሰማት ያውቃታል። እኔም በድርሰቱ ውስጥ እንድትገባ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን እንዲሁ እንደ ጌጥ ተለጥፋ እንዳትቀር እሰጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀኝ የቅኝቱ ጉዳይ ነው። ሐዘን ሲነሣ ሰው ሁሉ ትዝታን ይመክረኛል። እኔም ትዝታን እወዳለሁ፤ መምህራችን ግን የቁዘማ ሰው አልነበሩም፤ ክፍላቸው ሁልጊዜ ድምፅና እንቅስቃሴ የሞላበት ነበር። አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን ብመርጥ ደግሞ ተጫዋቾቹ ድምፁን ሳያዛንፉ ሊጫወቱልኝ መቻላቸውን እጠራጠራለሁ። ያሉን መሣሪያዎች ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ አንድ ባሪቶንና አንድ ቱባ ናቸው። ከሰባታችን አንዱ በአዲስ አበባ በሙዚቃ ሙያ የሚተዳደር ሲሆን፣ ሌሎቻችን በአጋሮ፣ በሰቃና እዚሁ ጅማ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ያለን፣ አብዛኞቻችንም መሣሪያ ከነካን የቆየን ሰዎች ነን። ለአንዱ የሚመጥነው ለሌላው እንዳይከብድ፣ ለሌላው የቀለለውም ድርሰቱን እንዳያሳንሰው ምን ላድርግ?

በመጨረሻም አንድ ጓደኛችን፣ አንድ ትራምፔት ከሕንፃው ጀርባ ተሰውሮ ብቻውን እንዲነፋና የከበሮ ድምፅ እንዲታከልበት ሐሳብ አቅርቧል። ብዙዎቹ ወደውታል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱንም አጥርቼ ማስረዳት አልቻልኩም።

መልስ፦ ኖታና ቅኝት

ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰባቸውም ለእናንተም መጽናናትን ይስጣችሁ። ጥያቄዎን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ የድርሰቱ መነሻ አስቀድሞ በእጅዎ እንዳለ ተረዳሁ፤ እርሱም የመምህሩ ጥሪ ነው።

ዶ፣ ሶልና የላይኛው ዶ ትራምፔት አንድም ቫልቭ (በጣት የሚጫን ቁልፍ) ሳይጫን፣ በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ ከሚያወጣቸው ተፈጥሯዊ ድምፆች መካከል ናቸው። ጀማሪ ተማሪ አስቀድሞ የሚያገኛቸው ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። መምህራችሁ ጥሪዋን ከእነዚህ ብቻ መሥራታቸው፣ አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ ወዲያው ሊመልስላቸው እንዲችል አስበው ይመስለኛል፤ መሣሪያ ላልደረሰው ማውዝፒስ ይሰጡ የነበሩ ሰው እንዲህ ቢያስቡ አይደንቅም። ከዚህ የሚገኝ ትልቅ ጥቅም አለ። በተለመደው ትራምፔት ዶ ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ በፒያኖ ሲለካ ቢ ፍላት ስለሆነ፣ ድርሰቱን በቢ ፍላት ላይ ቢመሠርቱት ትሮምቦኖቹ ስላይዱን (የሚሳበውን ቱቦ) ሳያንቀሳቅሱ በአንደኛው ፖዚሽን፣ ባሪቶኑም ቫልቭ ሳይጫን፣ ቱባውም የቢ ፍላት ቱባ ከሆነ በዚሁ መንገድ ያችኑ ጥሪ ሊነፏት ይችላሉ። መሣሪያ ከነካ የቆየ ሰውም ቢሆን ይህን አያጣውም። ስለዚህ ጥሪዋን ለአንድ ትራምፔት ብቻ አይስጧት፤ ከቱባው ጀምራ በሰባቱም እጅ ትለፍ።

ቅኝቱን በተመለከተ ዶና ሶል በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም የሚገኙ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ሶል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚገኘው በአንቺሆዬ ነው። ስለዚህ ጥሪዋ አንቺሆዬን በራሷ ታስወግዳለች፤ ሦስቱን ግን ክፍት ትተዋቸዋለች። ይህንን ክፍትነት ቢጠቀሙበት መልካም ነው። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ያህል በዶና በሶል ብቻ ቢሄድ፣ አድማጩ የሐዘን ይሁን የምስጋና፣ ምን እንደሚመጣ ገና ሳያውቅ ይጠብቃል፤ ሌላ ድምፅ ሲጨመር ያን ጊዜ ቅኝቱ ይገለጥለታል። እኔ ብሆን የምገልጠው ትዝታ ሜጀርን፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ነበር። ምክንያቴ አንድም ሕዝቡ ስለሚያውቀው፣ አንድም የላይኛው ሚ ከተፈጥሯዊ ድምፆች አምስተኛው ስለሆነ ነው። ይህ ድምፅ ከፒያኖው ሚ በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላል፤ አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። ብቻውን ሲሰማ የተዛነፈ ሊመስል ይችላል፤ ከዶና ከሶል ጋር ተያይዞ ረዘም ብሎ ሲነፋ ግን ከእነርሱ ጋር ፍጹም ይስማማል። የብራስ ስብስብ ውበት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የሚያስቸግርዎት የታችኛው ሬ ነው፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ቫልቭ አንድ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ይላል፤ የሦስተኛውን ቫልቭ ስላይድ በጣት ገፋ አድርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል። የአምባሰሉ ሬ ፍላት ደግሞ በታችኛው መደብ ሦስቱንም ቫልቮች ስለሚፈልግ ከዚህም የባሰ ነው።

ስለ ተጫዋቾቹ አቅም አለመመጣጠን ሳስብ እምቢልታ ትዝ ይለኛል። የእምቢልታ ነፊዎች መሣሪያቸው የጣት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣሉ፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ከመካከላቸው አንዱም ለብቻው ዜማውን አይዘውም፤ አንዱ ቢጎድል ግን ዜማው ይፈርሳል። ሙሉ ዜማውን ለሙያተኛው ሰጥተው ሌሎቹን አጃቢ ከማድረግ ይልቅ፣ ዜማውን እየቆራረጡ ቢያከፋፍሏቸው ደካማውም ተጫዋች ሊሸከመው የሚችለው፣ ግን ያለ እርሱ ሊሆን የማይችል ድርሻ ይኖረዋል። አገባባቸው እንዲጠነክር መጀመሪያ ኖታ ሳይዙ በእጅ ጭብጨባ ይለማመዱት።

ሐርመኒውን ሲጽፉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተለመደውን የምዕራባውያን አኮርድ፣ በተለይም የዶሚናንት ሰባተኛውን ከጫኑበት፣ ትዝታ የማያውቃቸው ፋና ሲ ይገቡና ቅኝቱ መልኩን ይለውጣል፤ ዜማው የመዝሙር መጽሐፍ ዜማ መስሎ ይቀራል። ከራሱ ከቅኝቱ ድምፆች የተውጣጡ አራተኛና አምስተኛ ርቀቶችን፣ በታች ደግሞ ተይዞ የሚቆይ ዶን ይጠቀሙ። በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች የአገራችን ቅኝቶች ከውጭው የሐርመኒ አሠራር ጋር መልካቸውን ሳያጡ ሊዋሐዱ እንደሚችሉ አሳይተዋልና፣ ናሶቹን እንዴት እንደሚያናግራቸው ጆሮ ሰጥቶ መስማት ብዙ ያስተምራል።

መልስ፦ አንጋፋ ባንደኛ

ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማትሰኚ አምናለሁ። ልጄ፣ ስለ ተሰወረው ትራምፔትና ስለ ከበሮው ልብሽ የነገረሽ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን እኔ ልጨምርልሽ።

በአገራችን የናስ መሣሪያ ድምፅ ከመንግሥትና ከጦር ሠራዊት ጋር ተያይዞ ያደገ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ተላኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ አርባ ልጆች የተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ሠራዊቱ ባንዶች ተከተሉ። ሕዝቡ ብቸኛ ጡሩምባና የከበሮ ድለቃ ሲሰማ ዓይነ ሕሊናው ላይ የሚመጣው የመኮንን አስከሬንና የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ነው። ይህ ለወታደር የሚገባ ክብር ነው፤ እናንተ ግን የምታስታውሱት ልጆችን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ለእርሱ የወታደር ቀብር ድምፅ ብትሰጡት ክብሩ የሌላ ሰው ይሆንበታል። ከበሮውን ተዉት። ትራምፔቱም ከሕንፃ ጀርባ አይሰወር፤ ተማሪዎቹ ፊት ለፊት፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ይንፋ።

በትዝታው ላይ ግን ከላይ ከጻፉት ወንድሜ ጋር አልስማማም። ትዝታ ሲጀመር አድማጭ ሁሉ ወደየራሱ ትዝታ ይሄዳል፤ አንዱ እናቱን፣ አንዱ ያፈቀራትን፣ አንዱ የተወለደበትን ቀዬ ያስባል። ይህ የቅኝቱ ኃይል ነው። ነገር ግን እናንተ በዚያ ቀን የምትፈልጉት ሁሉም ሰው ወደ አንድ ሰው እንዲያይ ነው። እኔ የምመክርሽ ባቲ ሜጀርን ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ሙዚቃዊ ምክንያቱ፣ ሲ ወደ ዶ፣ ሚም ወደ ፋ በግማሽ ድምፅ ስለሚጠጉ ዜማው ወደፊት የሚገፋው ነገር ያገኛል፤ ክፍላቸው እንቅስቃሴ የሞላበት ነበር ላልሽው ሰው ይህ ይስማማል። የእጅ ምክንያቱ ደግሞ ከዚህ አያንስም። በትራምፔት ላይ ዶና ሶል ያለ ቫልቭ፣ ፋ በአንደኛው፣ ሲ በሁለተኛው፣ የታችኛው ሚ በአንደኛውና በሁለተኛው ይወጣሉ፤ ያ የሚያስቸግረው የታችኛው ሬ ጨርሶ አይመጣባችሁም። የሦስተኛው ቫልቭ ስላይድ በእርጅና የተጣበቀበት የትምህርት ቤት መሣሪያ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በትሮምቦኑም ቢሆን ከአራተኛው ፖዚሽን በላይ እጅ መዘርጋት አያስፈልግም።

ትዝታን ፈጽመሽ አትተዪው። በድርሰቱ መሐል አንድ ጊዜ ብቻ፣ በባሪቶኑ፣ ለአጭር ጊዜ ይምጣ። የባሪቶን ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ከተናገረ ይበቃል።

መልስ፦ ትሮምቦን ነፊ

እኔ የምጨምረው ከተጫዋቹ ወንበር የሚታየውን ነው፤ ለመታሰቢያ የሚጻፉ ድርሰቶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚያ ነውና።

የምትነፉት ሰባታችሁም ልጆቻቸው ናችሁ። በዚያ ቀን ቤተሰቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ፎቶግራፋቸው ቆሞ ሳለ ጉሮሯችሁ ይያዛል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከንፈርም ይደርቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በብራስ ከሁሉም የሚከብደው በዝግታ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ብቻን መጀመር ነው። ስለዚህ መክፈቻውን ለትራምፔት አይስጡ። ቱባው፣ ባሪቶኑና ሁለቱ ትሮምቦኖች በመካከለኛ ጉልበት፣ በሚመቻቸው የድምፅ መደብ፣ አንድ ላይ ሆነው ይጀምሩ። አንዱ እንባ ቢቀድመው ሦስቱ ይሸፍኑለታል። ትራምፔቶቹ የሚገቡት ሁሉም ሰው ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ የመጀመሪያው ትራምፔትም ከአምስቱ መስመር በላይ ከተቀመጠው ሶል ባይዘል ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሙያተኛ ከዚያ በላይ ሊወጣ እንደሚችል አልጠራጠርም፤ ግን ከፍታው ትኩረቱን ወደ እርሱ ይወስደዋል።

ረጃጅም ድምፆች ለአድማጭ የዕረፍት ይመስላሉ እንጂ ለነፊው ከንፈር ዕረፍት አይደሉም። ልምምድ ያቋረጠ ሰው ከሁለት ደቂቃ ተከታታይ ዘገምተኛ ኖታ በኋላ ከንፈሩ ይዝልበታል፤ ድምፁም ይሰነጣጠቃል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሙሉ በሙሉ ዝም የሚልባቸውን ሜዠሮች ይጻፉለት፤ ከላይ የተጠቀሰው የእምቢልታ አከፋፈል ለዚህም ይጠቅማል። ተይዞ የሚቆየውን የታች ዶ ደግሞ ለቱባው ብቻ አይጫኑበት። ቱባ እጅግ ብዙ አየር የሚበላ መሣሪያ ስለሆነ ባሪቶኑ ወይም ሁለተኛው ትሮምቦን ተቀብሎ ይያዝለት፤ የሚተነፍሱበት ቦታም በኖታው ላይ በግልጽ ምልክት ይደረግበት፤ ለየሰዉ ግምት የሚተው ጉዳይ አይደለም። የኖታ ፕሮግራም ላይ የሚጽፉ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ስለማይተነፍስ የሚያሰማዎትን አይመኑት።

ርዝመቱ ከአራት ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1812 በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ ለሙታን መታሰቢያ ቀን ለአራት ትሮምቦኖች የጻፋቸው ሦስት ቁርጥራጭ ሥራዎች እጅግ አጫጭር ናቸው፤ ከእነርሱም የተወሰዱት በ1827 በራሱ በቤትሆቨን ቀብር ላይ ተሰምተዋል። አንዳች ጌጥ የለባቸውም፤ አራት ሰዎች አብረው ሲተነፍሱ ከመስማት በቀር። እንዲህ ያለውን ጥበብ ለማግኘት አቅም ያነሰው ተጫዋች እንቅፋት አይሆንም።

ጉዳዩ በግቢ ውስጥ፣ በአየር ላይ የሚካሄድ ከሆነም የጅማን አየር ያስቡበት። የትንፋሽ መሣሪያ የውስጡ አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ድምፁ በ3 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል። ጠዋት በጉም ውስጥ የተቃኘ መሣሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ የተቃኘበት ቦታ አይገኝም፤ ዝናብ መጥቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር መሣሪያዎቹ ዝም ብለው ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ እየነፋችሁ አሙቋቸው፤ መቃኛውንም ከቱባው ጀምሩ።

ጠያቂ፦ ትራምፔት ከጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አባቴ አንጋፋ ባንደኛም በጻፉልኝ ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ጥሪዋ በሁሉም መሣሪያ ላይ ያለ ቫልቭ ልትነፋ እንደምትችል እስካሁን አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን መምህራችን ለምን እንደዚያ አድርገው እንደሠሯት በሚገባ ገብቶኛል።

በቢ ፍላት፣ በባቲ ሜጀር ልጽፈው ወስኛለሁ። በታችኞቹ መሣሪያዎች ዶና ሶል ብቻ ይጀመራል፤ ከዚያ ትራምፔቶቹ ሚንና ፋን እየተቀባበሉ ባቲውን ይገልጡታል፤ መሐል ላይ ባሪቶኑ ትዝታን ለአንድ ሐረግ ያሰማል። ከበሮውና የተሰወረው ትራምፔት እንዲቀሩም ለጓደኞቼ አስረድቻቸው ተቀብለውኛል። የቀረኝ አጨራረሱ ነው። የመምህራችን ጥሪ የምታርፈው በሶል ላይ እንጂ በዶ ላይ አይደለም። ድርሰቱን ወደ ዶ መልሼ ልዝጋው ወይስ እንደ ጥሪዋ ሶል ላይ ልተወው? ዶ ላይ ስዘጋው የተሟላ ይሆናል፤ የእርሳቸው ግን አይመስለኝም። ሶል ላይ ስተወው ደግሞ አድማጩ ያላለቀ መስሎት ግራ ተጋብቶ ዝም እንዳይል እፈራለሁ።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ባንድ አሠልጣኝ

ሶል ላይ ይተዉት። ጥሪ ዓላማው ሌላ ሰው እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ መምህሩ ሶል ላይ ሲያርፉ የሚከተለው የተማሪዎቹ መሰብሰብ ነበር። እርስዎም የሚመልስ ሰው ካዘጋጁለት ድርሰቱ ያላለቀ አይመስልም።

የትምህርት ቤቱ ባንድ ዛሬም አለ ወይ? ካለ፣ አሁን የሚማሩት ጀማሪዎች በመጨረሻው ላይ ይግቡ። ከሰባታችሁ መካከል አንዱ ጥሪዋን ይንፋ፤ ከተሰብሳቢው ዙሪያ የቆሙት ልጆችም በያዙት መሣሪያ ይመልሱለት፤ ከዚያ ሰባታችሁ ከልጆቹ ጋር አንድ ጊዜ፣ አንድ ላይ። ጥሪዋ ቫልቭ ስለማትፈልግ ትራምፔት የያዘ ልጅ በትንሽ ልምምድ ይደርስባታል። ላይኛው ዶ ላይ መውጣት ያልቻለ ልጅ ካለ ሶልን ብቻ ይዞ ይቆይ፤ ድምፁ አይጋጭም። በዚያ ጊዜ ቱባው ዶን ከታች ይዞ ከቆየ፣ ከላይ ሶል ላይ መቆሙ አድማጩን አያናውጠውም፤ ዶ ከሥር አለና። የቱባው ተጫዋች ልጆቹ ሲገቡ በድንጋጤ እንዳይለቀው አስቀድሞ ይነገረው፤ በእኛ ልምምዶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል።

ልጆቹን ለማለማመድ የሚመደበው ጊዜ ከአዋቂዎቹ ልምምድ መቀነስ የለበትም። የመጨረሻዎቹ ልምምዶች ሰባታችሁ ጅማ ውስጥ ስትገናኙ በግቢው፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ይሁኑ፤ በክፍል ውስጥ የተለማመዱ ልጆች ሜዳ ላይ ሲቆሙ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ አለልክ አጥብቀው ይነፋሉ። ምልክት የሚሰጣቸውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ከመጀመሩ በፊት ለተሰብሳቢው የሚነገር ቃል ካለ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ አጭር ይሁን፤ ጥሪዋ ምን እንደነበረች ለማያውቁ እንግዶችም ይገለጽላቸው። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የመምህሩን ስም እንዴት መጻፍ እንዳለባችሁና ከመታሰቢያው በኋላ የተቀረጸውን ማሰራጨት ይፈቅዱ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቁ።

በመጨረሻ የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ አንድ ሙሉ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አድርጉ። ባሪቶን የሚነፉ ሰዎች አንዳንዶቹ በቤዝ ክሌፍ (በወፍራም ድምፆች የኖታ ምልክት)፣ አንዳንዶቹ እንደ ትራምፔት በትሬብል ክሌፍ (በቀጭን ድምፆች የኖታ ምልክት) ስለሚያነቡ የባሪቶኑን ክፍል በሁለቱም አዘጋጅተው ያስቀምጡት፤ ባንዱ ቱባ ከሌለው የታችኛው መስመር በሁለተኛው ትሮምቦን ሊሸፈን እንዲችልም አማራጩን በትንሽ ኖታ ይጻፉበት።